በቆሎው ራሱን ይቻል

የብርዱ ወራት አልፎ ሣሩ ብቅ ሲል አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የሣር ማጨጃውን ከጋራዥ ያወጣል። ገመዱን ይስባል፤ አይነሳም። ደግሞ ይስባል፤ ወይ ፍንክች! ካርቡሬተሩ ሲፈታ ታች ውሃ መሰል ነገር ተጠራቅሞ ብረቱን ዝገት ጀምሮታል። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ኢታኖል፣ ማለትም አልኮል፣ እርጥበት ይስባል። ውሃው ሲበዛ ሁለቱ ተያይዘው ከቤንዚኑ ይለያሉ፤ ከዚያ ይዘቅጣሉ።

በአገሪቱ ማደያዎች የሚቀዳው ቤንዚን ከሞላ ጎደል ሁሉም 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። አብዛኛው ኢታኖል የበቆሎ ነው። ጉልበቱ ከቤንዚን በሲሶ ያህል ስለሚያንስ መኪናውም ትንሽ ቀደም ብሎ ማደያ ይናፍቃል። ከጀርባው «የግድ ቀላቅሉ» የሚል ሕግ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ፣ በ2007 ተለጠጠ። እኔ ይሻር ባይ ነኝ።

ሲለጠጥ የተገባው ቃል ትልቅ ነበር። በ2022 36 ቢሊዮን ጋሎን ታዳሽ ነዳጅ ይቀላቀላል፤ 16 ቢሊዮኑ ከሣር፣ ከአገዳና ከእንጨት ፍርፋሪ የሚገኝ ይሆናል ተባለ። ወረቀት ላይ ያምራል። ለ2010 ከዚሁ ከሣርና ከአገዳው 100 ሚሊዮን ጋሎን ተጽፎ ነበር፤ የተመረተው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሚያስቀው ቀጥሎ የመጣው ነው። የነዳጅ ማጣሪያዎች ገበያ ላይ የሌለ ነዳጅ አልቀላቀላችሁም ተብለው በምትኩ ክሬዲት፣ ማለትም እንደቀላቀሉ የሚያስቆጥር ወረቀት፣ እንዲገዙ ተደረጉ። የ2012ቱን የሣርና የአገዳ ነዳጅ ኮታ በ2013 መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሻረው። ለማጣሪያዎቹ አዝኜ አይደለም፤ እነሱ ወጪውን ወዴት እንደሚያሻግሩት ያውቁበታል።

«ገበሬውስ?» ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ኢታኖል ያለ ትእዛዝ አይሞትም። ኦክቴን፣ ማለትም ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ያለጊዜው እንዳይነድ የመቋቋም አቅሙን፣ ከፍ ያደርጋል፤ በፊት ለዚሁ ሥራ ይጨመር የነበረው ኤምቲቢኢ የከርሰ ምድር ውሃ በክሎ ከገበያ ሲወጣ ቦታውን የያዘው እሱ ነው። በጋሎን 45 ሳንቲም የነበረው የታክስ ድጎማ በ2011 መጨረሻ ሲቀርም ኢታኖል ከማደያ አልጠፋም።

ታዲያ ትእዛዙ የሚሠራው መቼ ነው? ሰው ኢታኖሉን በማይፈልግበት ቀን ነው። በ2012 ድርቁ በቆሎውን ማሳ ላይ አደረቀው፣ ዋጋው ጣሪያ ነካ። ከብትና ዶሮ አርቢው መኖ አጥቶ ሲጮህ የበርካታ ግዛቶች ገዥዎች ኮታው ለጊዜው ይላላ ብለው ጠየቁ። ሕጉን የሚያስፈጽመው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እምቢ አለ። ከዚህ ወዲያ ይህን ሕግ ለገበሬ የወጣ ነው ማለት ይከብደኛል። መኖ የሚገዛውም እኮ ገበሬ ነው።

የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር እንኳ በ2010 አቴንስ፣ ግሪክ ላይ የበቆሎ ኢታኖል ድጎማን መደገፋቸው ስህተት እንደነበር ተናግረዋል። ለፕሬዚዳንትነት ሊወዳደሩ ስለነበር በቆሎ በብዛት ለሚመረትባት ለአዮዋ ግዛት ገበሬዎች ልባቸው አድልቶ እንደነበርም አልደበቁም።

የአየር ንብረቱ ጥቅምም ቢሆን አከራካሪ ነው። በ2022 የወጣ አንድ ጥናት አዲስ የታረሰውን መሬት ቆጥሮ የበቆሎ ኢታኖል ከቤንዚን እንደማይሻል፣ እንዲያውም 24 በመቶ ሊብስ እንደሚችል አስልቷል። ስሌቱን የሚቃወሙ ተመራማሪዎችም አሉ።

በአንድ ሌሊት ይቁም አልልም። በዚህ ሕግ ተማምኖ ተበድሮ መሬት የገዛ ሰው አለ። ሕጉ ላይ የተጻፈው የኮታ ሠንጠረዥ 2022 ላይ አልቋል፤ አሁን ቁጥሩን የሚወስነው ኤጀንሲው ነው። ኮንግረስ ኮታው በየዓመቱ እየቀነሰ ዜሮ የሚገባበትን ቀን ይቁረጥ። ገበሬውም ቀኑን አውቆ ይዝራ።