ውሃ አለ

ያረፍኩት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ እህቴ ቤት፣ 4ኛ ፎቅ ነው። በሁለተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ደረጃው ላይ አንዲት ሴት «ውሃ መጣ!» ብላ ጮኸች። በየቤቱ መብራት በራ። ባልዲው፣ ጀሪካኑ፣ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋው ሳይቀር ተሰለፈ። እኔም በፒጃማ ጀሪካን ስሞላ ነጋ።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ 14 ዓመት ስኖር «ዛሬ ውሃ አለ» ያለኝ ሰው የለም። ቢለኝ ጤንነቱን እጠራጠር ነበር። ቃሉ ያው ነው፤ እዚያ ግን «የለም» የሚባል ጎረቤት የለውም። እዚህ እህቴ «ሰኞና ሐሙስ ይመጣል» ስትለኝ ስለቀሩት አምስት ቀናት አልጠየቅኳትም። ሳትናገር ነግራኛለች።

ፈላስፋው ፖል ግራይስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ሃርቫርድ ላይ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ሰው «ጥቂቶቹ መጡ» ካለን የቀሩ እንዳሉ እንረዳለን። ሁሉም መጥተው ቢሆን «ሁሉም» ይል ነበራ! ከሱ በፊት ስዊዘርላንዳዊው ሶሱር የቃል ዋጋ የሚታወቀው በጎኑ ባሉት ቃላት ነው ብሎ ነበር።

የሶሱር ነገር የገባኝ ግን የእህቴ ብሎክ በር ላይ ነው። ድሮ ካዛንቺስ አብሮኝ ኳስ ሲራገጥ ያደገ ልጅ፣ ሰፈራቸው ፈርሶ እዚሁ ደርሶታል። ተቃቀፍን። ከዚያ «እንዴት ነዎት?» አለኝ።

ነዎት!

አሜሪካ አለቃዬም፣ ፖሊሱም፣ የሱቅ ሻጯም «ዩ» ነው የሚሉኝ። ሌላ ምርጫ ስለሌላቸው አያከብሩኝም፣ አያርቁኝም። (እንግሊዝኛም ድሮ ለቅርብ ሰው የሚባል «ዛው» ነበረው፤ ተዉት እንጂ።) እዚህ ግን «አንተ» ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። አለፋት። «ኧረ አንተ በለኝ» ብለው «እሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ይባስ!

የምሄድ ቀን ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ ታክሲው ሸኘኝ።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ለገና እሞክራለሁ» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ።

«አልመጣም በለኛ!» አለና ሻንጣውን ከኋላ ጫነው።