የመንገድ ዳር አሠልጣኞች ውዳሴ

በ104 ኪሎ ግራም ሰውነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሩጫ የወጣሁ ዕለት፣ ከግቢዬ በር እስከ ዋናው አስፋልት ባለው 200 ሜትር ውስጥ አምስት አሠልጣኝ፣ ሁለት ሐኪምና አንድ የነፍስ አባት አገኘሁ። ሁሉም በነጻ። በሌላው ዓለም ለዚህ አገልግሎት በሰዓት ይከፈላል አሉ። እኛ ዘንድ ቱታ ለብሶ ብቅ ማለት ብቻ ይበቃል።

ስለዚህ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ለማመስገን ነው። ውለታ የምረሳ ሰው አይደለሁም።

የመጀመሪያው አሠልጣኜ ከሱቁ ጥግ የሚቀመጠው ሊስትሮ ነው። ገና ሃያ እርምጃ እንደሮጥኩ ብሩሹን አስቀምጦ «ኃይሌ! ኃይሌ!» እያለ ተቀበለኝ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። በዚያች ቅጽበት እኔ ቦርጬን ከግራ ወደ ቀኝ እንኳን አዙሬ አልጨርስም። ልጁ ግን በእኔ ውስጥ ያንን ሰው አየ። እናቴ ራሷ ይህን ያህል ተስፋ ጥላብኝ አታውቅም።

ሁለተኛው የታክሲ ረዳት ሲሆን የታሪክ ዕውቀቱ ጠለቅ ያለ ነው። በመስኮት ወጥቶ «ማርሽ ቀይር!» አለኝ። ምሩጽ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲወስድ ማርሽ ቀያሪ ያሰኘው በመጨረሻው ዙር ላይ ድንገት መፈትለኩ ነበር። እኔ ያለኝ አንድ ማርሽ ነው፤ እሱም የሚገባው ቁልቁለት ሲያገኝ ነው። ደግነቱ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ጃን ሜዳ መንገዱ ይወርዳል። የመልሱን ነገር ሌላ ቀን እናነሣዋለን።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ልቤን የነኩት አንዲት እናት ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኙኝና ደረታቸውን ይዘው «ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉኝ። ጥያቄው አያስቅም። በእኛ ሰፈር የ46 ዓመት ባለትዳር ሰው በጠዋት የሚሮጥበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ወይ መርዶ አለ፣ ወይ ሌባ እያሳደደ ነው፣ ወይ ሌባው ራሱ ነው። «ማንም አልሞተም እማማ፣ ለጤናዬ ነው» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ፤ ትንፋሼን አዳመጡ። ከዚያ «እስካሁን» አሉና አማተቡ።

ሕዝባችን ስለ ሩጫ የመናገር መብቱን ያገኘው እንዲሁ አይደለም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ ለአገሩ ትልቅ ውርስ ትቷል። ውርሱም በሥርዓት ተከፋፍሏል፤ ለእነ ማሞ ወልዴ፣ ለእነ ደራርቱ ቱሉ፣ ለእነ ቀነኒሳ በቀለ እግሩ ደረሳቸው፣ ለተቀረነው ምላሱ። ስለዚህ ቂጣውን በሻይ እያጠቀሰ «ክንድህን ዝቅ፣ ደረትህን ወጣ!» የሚለኝን ሰው አቃልዬ አላየውም። ከኋላው ሮም፣ ቶኪዮ፣ ሜክሲኮና ባርሴሎና ቆመዋል። እሱ ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ የሮጠው ጉርድ ሾላ ላይ አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል ነው፤ አውቶቡሱም አምልጦታል።

አንዱማ ጫማዬን እንዳወልቅ መከረኝ። «አበበ ያሸነፈው በባዶ እግሩ አይደል?» አለኝ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ አበበ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ ማለትም ከሮሙ ሦስት ደቂቃ በላይ ፈጥኖ መግባቱን ልነግረው አስቤ ነበር። ነገር ግን ለመናገር ትንፋሽ ያስፈልጋል። አሠልጣኞቻችን ከሯጩ የሚበልጡትም በዚህ ነው፤ እነሱ ትንፋሽ አላቸው።

ወደ ሕክምና ክፍሉ ልለፍ። ሐኪም ደም ግፊቴን ለክቶ ፊቱ ሲቀየር ነው እኔ መሮጥ የጀመርኩት። «በዝግታ፣ እየሄድክ እየሮጥክ ጀምር» አለኝ፤ ሌላ ብዙ አላለም። የኪዮስኩ ሐኪሞች ግን ለበሽተኛ ጊዜ አላቸው። አንዱ «ጉልበትህ ይፈርሳል» አለኝ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ገሥጾ «ጉልበቱ ምን ይሆናል፣ ልቡ ነው ቀጥ የሚለው» አለ። ተከራከሩ። እኔ መካከላቸው ቆሜ በየትኛው እንደምሞት ስምምነት ላይ እስኪደርሱ ጠበቅሁ። በመጨረሻ የተስማሙበት ሐኪሜ ያላዘዘውን ነው፤ ሆዴን በፌስታል ጠቅልዬ ከላይ ሁለት ሹራብ ደርቤ እንድሮጥ። «ቦርጭ በላብ ነው የሚወጣው።» ሞከርኩት። ከሩጫው በኋላ ሚዛን ላይ ስወጣ አንድ ኪሎ ያህል ቀንሼ ነበር፤ በደስታ አንድ ጠርሙስ ውሃ ጠጣሁና ኪሎዬ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስብ በላብ እንደማይወጣ፣ የወጣው ውሃ ብቻ እንደሆነ ያን ዕለት አንገቴ ላይ ባወጣሁት ሽፍታ ተማርኩ። በነጻ።

እውነቱን ለመናገር ጥሩ መርሐ ግብር ነበረኝ። እ.ኤ.አ. በ1996፣ ኃይሌ አትላንታ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ባጠለቀበት ዓመት፣ ጆሽ ክላርክ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ከሶፋ ያልተነሣን ሰው በ9 ሳምንት 5 ኪሎ ሜትር የሚያስሮጥ ዕቅድ አወጣ። በሳምንት ሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 60 ሰከንድ ሶምሶማ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፣ እንደገና 60 ሰከንድ ሶምሶማ፣ እያለ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቀጥላል። ፍጥነቱን ማወቅ ከፈለጉ፣ እየሮጡ ማውራት ከቻሉ ልክ ነው፤ ካልቻሉ ፈጥነዋል። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

ሰውየው አንድ ነገር ብቻ አላሰበም፤ የታክሲ ሰልፍ።

ስድሳ ሰከንዴን ጨርሼ ወደ እርምጃ ስገባ ዘወትር ሰልፉ ፊት ነኝ። ሠላሳ ሰው ከሥራ ቀርቷል፣ ታክሲ የለም፣ ወሬም አልቋል፤ በዚህ መካከል አንድ ወፍራም ሰውዬ ሩጫውን አቁሞ ይራመዳል። «አለቀለት!» ይላል አንዱ። «ቻርጁ አልቋል» ይላል ሌላው። «አይዞህ አባቴ፣ ቅቅሉ ደርሷል!» የሚል ሦስተኛ አይጠፋም። እንግዲህ ሰው ነኝ። በ90 ሰከንድ ዕረፍቴ ላይ እንደ ቀስት እወረወራለሁ። ሰልፉን አልፌ፣ ታጥፌ፣ ማንም የማያየኝ ቆርቆሮ አጥር ጋር ስደርስ አጥሩን ይዤ የአየር ልመና እገባለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የውጭ አትሌቶች ይህን ስስ አየር ፍለጋ ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ። እኔ ቆርቆሮውን እንደያዝኩ አየራቸውን ይዘውልኝ ቢሄዱ አልቃወምም።

በዚህ ዓይነት ለሦስት ሳምንት ሠለጠንኩ። ሰው ባለበት እፈተለካለሁ፣ ሰው በሌለበት እንፏቀቃለሁ። ጀማሪ ማድረግ ያለበት የዚህን ተቃራኒ እንደሆነ ዕቅዱ ይናገራል፤ ቀስ ብሎ፣ አሰልቺ በሆነ ዝግታ። ዝግታ ግን በአደባባይ አይፈቀድም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት የምንወደው ሕዝብ ነን። እንቁላሉ ዕድለኛ ነው፤ በእኛ ሰፈር በኩል አላለፈም። ቢያልፍ ኖሮ «ፍጠን እንጂ!» ሲሉት ተሰብሮ ይቀር ነበር።

ለሴቶች የሚሰጠው አገልግሎት ደግሞ ከዚህም የተሟላ ነው። ከእኔ ጋር በአንድ ሳምንት የጀመረች ጎረቤት ነበረችኝ። ለእኔ ስለ ክንዴ ብቻ የተነገረኝ፣ ለእርሷ ስለ እያንዳንዱ የሰውነቷ ክፍል በዝርዝር ተነገራት፤ ጎን ለጎን እየሮጠ ስልክ ቁጥሯን የጠየቃት ነበር፣ «ለማን ብለሽ ነው የምትከሽው፣ እኔ እንዲሁ እወስድሻለሁ» ያላትም ነበር። አሁን በግቢዋ ውስጥ በውሃ ታንከሩና በልብስ ማስጫው ገመድ መካከል ትዞራለች። ግቢው ከጥግ እስከ ጥግ 14 እርምጃ ነው። ቆጥራዋለች።

እኔ ግን ወንድ ስለሆንኩ የተረፈኝ ቀልዱ ብቻ ነው፤ ቀጠልኩ። በስድስተኛው ሳምንት 5 ኪሎ ቀነስኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ከ75 ኪሎ ተነሥቼ 104 እስክደርስ 15 ዓመት ፈጅቶብኛል። በእነዚህ ዓመታት በየሠርጉና በየክርስትናው «ደልቶሃል!»፣ «አምሮብሃል!»፣ «ተመችቶሃል፣ እግዜር ይጨምርልህ!» ስባል ኖሬያለሁ። ጨመረልኝም። አንድ ሰው እንኳን «ደምህን ተለካህ ወይ?» አላለኝም፤ እንዲያውም ቦርጬን መታ መታ እያደረጉ የባንክ ደብተሬን ያነበቡ የሚመስላቸው ነበሩ። አንድ ዘመዴ በዚህ ሆድ ዋስትና ሊበደረኝ ሞክሯል።

አምስት ኪሎ እንደቀነስኩ ይህ ሁሉ ተገለበጠ። ለቅሶ ቤት አንዱ ጎተት አድርጎኝ «ተመርምረሃል?» አለኝ፤ ድምፁን እንዲያ ዝቅ ያደረገው ለሟቹ እንኳን አልነበረም። የሥራ ባልደረባዬ ዕዳ እንዳለብኝ ጠረጠረ። አክስቴ ደግሞ ቤት ድረስ መጥታ ባለቤቴን በዓይኗ እየለካች «ቤታችሁ ሰላም ነው?» አለች፤ መልስ ሳትጠብቅ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ ከቦርሳዋ አወጣች። «ሩጫ ነው አክስቴ» አልኳት። «ሩጫ የደሀ ነው» አለችኝ። በጉርሻ ነበር የምትናገረው። ሦስት ኪሎ ሜትር ሮጬ የማቃጥለው እንደ ሰውነቴ ክብደት ቢሰላ ከ300 ካሎሪ ብዙም አይበልጥም፤ የአክስቴ ሁለት ጉርሻ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሮጥኩትን ሰረዘው። ሦስተኛውን ጉርሻ እምቢ ማለት ደግሞ እንደምታውቁት ጠብ ነው።

በዚህ አገር ወፍራም ሲሮጥ ይሳቅበታል፣ ሲከሳ ይለቀስለታል። የሚመቸው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው፤ ያኔ ጥብስ ይታዘዝለታል።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ቀን አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረውና አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ፣ 10 ኪሎ ሜትሩ። የመጀመሪያውን ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ነበር። በዚያን ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ ሲጎርፍ፣ ሲዘፍን፣ ሲጨፍርና ውሃ ሲረጭ ማንም ማንንም «ቻርጁ አልቋል» አይልም፤ ከመንገዱ ዳር የቆሙት ያጨበጭባሉ። እኔም አንድ ዓመት ገብቼበታለሁ፤ አብዛኛውን በእግሬ ሄጄ፣ ጥቂቱን በሕዝቡ ተገፍቼ ጨረስኩት። አሠልጣኞቼ በሙሉ እዚያው ነበሩ፤ ሊስትሮው ልጅ በሁለት እጁ አጨበጨበልኝ። በማግስቱ ሰኞ ያንኑ ቲሸርት ለብሼ ብቻዬን ስወጣ ያ የሻይ ቤት ሰውዬ ቂጣውን አስቀምጦ «እንዴ፣ ትናንት የጀመርከውን ገና አልጨረስክም?» አለኝ።

በመጨረሻ ሰዓት ለወጥኩ። አሁን የምሮጠው ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ በጨለማ ነው። ታክሲ የለም፣ ሰልፍ የለም፣ ሻይ ቤቱ ዝግ ነው። ያሉት የጃን ሜዳ አካባቢ ውሾች ናቸው። ስለ ክንዴም ስለ ጉልበቴም አስተያየት የላቸውም። ባለፈው ሐሙስ አራቱ በአንድነት ተከትለውኝ ከሥልጠናው ታሪኬ ሁሉ ምርጥ የሆነውን ሰዓት አስመዘገብኩ፤ የመጨረሻውን 300 ሜትር በእውነት ማርሽ ቀይሬያለሁ። ሳቂም ምስክርም ስላልነበረ ማንም አያምነኝም። የአንድ ግቢ ዘበኛ ብቻ ሲሮጥ የመጣ ጥላ አይቶ ፊሽካውን ነፋ፤ በኋላ በባትሪ አብርቶ ሲያየኝ «ይቅርታ ጋሼ፣ ሌባ መስለውኝ ነው» አለና ትንሽ አሰብ አድርጎ «ሌባ እንኳን በዚህ ፍጥነት…» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን በጨዋነት ተወው።

ከዘጠኙ ሳምንት ሦስተኛው ላይ ደርሻለሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስደርስ ይህ አራተኛ ጊዜዬ ነው። አክስቴ እሑድ እመጣለሁ ብላለች።