አማርኛ የሚናገር፣ በፈረንጅ የሚቆጥር ኮምፒውተር

አንድ የጎንደር አባት ጥምቀትን አክብረው ውጭ አገር ወዳለችው ልጃቸው ሊሄዱ ነው እንበል። የጉዞው መልእክት በስልካቸው ደርሷል፤ የስልኩም ቋንቋ አማርኛ ነው። «ጃንዩወሪ 20 ቀን 2026 ዓ/ም፣ 2:00 ጥዋት፣ ቦሌ» ይላል። አንብበው አልተቸገሩም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ቁርሱን በልቶ ነው። ጥር 11 ታቦታቱን ሸኝተው፣ ከሰዓት በኋላ ከአዘዞ በርረው፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድረው በማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቦሌ ይደርሳሉ። አውሮፕላኑ ከተነሣ ግን አራት ሰዓት ሆኖታል። የበረረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው።

መልእክቱ ውስጥ አንድም የላቲን ፊደል የለም። ችግሩም እሱ ነው። «ጥዋት» የሚለው የእኛ ነው፣ «2:00» የሚለው የፈረንጅ ነው፤ ሁለቱ ተጣብቀው እንደ አንድ አማርኛ ይነበባሉ። ሙሉው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ቢሆን እኚህ አባት ለጎረቤት ልጅ ያሳዩት ነበር፤ ልጁም «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ ሰዓት ነው» ይላቸው ነበር። በከፊል የተተረጎመ ሰዓት ግን ማንንም አያስጠይቅም። የምከራከረውም ለዚህ ነው፤ ፕሮግራሞቻችን ቀንና ሰዓት ሲጽፉ ወይ ሙሉ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ይጻፉ፣ ወይ የፈረንጅ መሆኑን በግልጽ ይናገሩ። መሐል ላይ መቆም ከሁለቱም የባሰ ነው።

ይህ ከየት መጣ? ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ሲኤልዲአር የተሰኘ የቋንቋዎች መረጃ ቋት አለው። ስልኮች፣ የኢንተርኔት ማሰሻዎችና ብዙ ፕሮግራሞች የወርና የቀን ስሞችን የሚያገኙት ከዚያ ነው። ለአማርኛ የተቀመጠው «ኤኤም» ለሚለው «ጥዋት»፣ «ፒኤም» ለሚለው «ከሰዓት» ነው። የፈረንጆቹ ወሮች «ጃንዩወሪ»፣ «ፌብሩወሪ» እየተባሉ ተዘርዝረዋል። የባሰው ደግሞ ለፈረንጆቹ ዓመት የተሰጠው ምልክት «ዓ/ም» መሆኑ ነው። ዓመተ ምሕረት ሲባል እዚህ አገር ማንም ሰው የሚያስበው የራሱን አቆጣጠር ነው፤ 2026 ዓ/ም ብሎ የሚያነብ ሰው ከስምንት ዓመት በኋላ የሚመጣ ነገር ቢመስለው አይፈረድበትም።

አሠራሩ ተራ ነው። ፕሮግራም ሠሪው የፊደል ንድፍ ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር ወይም በስም ይተካል። ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ትልቁ ኤም ወር ነው፣ ትንሹ ኤም ደቂቃ ነው፤ እነዚህን አቀያይሮ ከደቂቃው ጋር የሚዞር ወር ያገኘ ጀማሪ ስንት ነው! ትንሹ ዋይ ዓመቱን ሲሰጥ ትልቁ ዋይ ሳምንቱ የተቆጠረበትን ዓመት ስለሚሰጥ፣ እሱን የጻፈ ፕሮግራም ዓመቱን ሙሉ ደህና ሠርቶ በዲሴምበር የመጨረሻ ቀናት በድንገት ወደ ሚቀጥለው ዓመት ሊዘልል ይችላል። ይህ ሁሉ ግን የፊደል መተካት እንጂ የአቆጣጠር መለወጥ አይደለም። ቋንቋውን «አማርኛ» ስላልነው ብቻ አቆጣጠሩ ኢትዮጵያዊ አይሆንም። በእኛው ልጆች የተሠሩ ፕሮግራሞች ሳይቀሩ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

አቆጣጠራችንን ኮምፒውተር አያውቀውም የሚለው ሰበብ ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ከ13ቱ ወራችን ጋር የኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ በዚያው ቋት ውስጥ ተቀምጧል፤ በዓመተ ዓለም የሚቆጥረውም ሳይቀር አለ። የድረ ገጽ ቋንቋ በሆነው በጃቫስክሪፕት አንዲት ቃል ጨምሮ ቀኑን በእኛ ማውጣት ይቻላል። በጃቫ ተጨማሪ ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ ኮድ፣ ማስገባት ይጠይቃል። ዶትኔት ከተባለው የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ ጋር ከሚመጡት መቁጠሪያዎች መሐል የዕብራውያኑ፣ የፋርሱና የታይላንዱ ሲኖሩ የእኛው የለም፤ እዚያ ስሌቱን ራስ መጻፍ ነው። ሰዓቱ ግን በቋቱም አልተካተተም። ስለዚህ አንዳንዱ ሠሪ ከሰዓቱ ላይ ስድስት ይቀንሳል፤ ሌላው ኮምፒውተሩን አትላንቲክ ላይ እንዳለ አስመስሎ የሰዓት ቀጠናውን በስድስት ወደ ኋላ ይጎትታል። ሁለተኛው ዘዴ ቁጥሩን ያስተካክልና ቀኑን ያበላሻል፤ እውነተኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለእሱ ገና ትናንት ነው።

ከዚህ የባሰ የማየው ግን የእኛን ቀን በፈረንጅ ቅርጽ ማስቀመጥ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው አይኤስኦ 8601 የተባለው ደንብ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሰረዝ እየተለዩ ይጻፉ ይላል፤ ጥሩ ደንብ ነው፣ ግን ለግሪጎሪያን ብቻ የተሠራ ነው። አንድ መዝጋቢ ጥር 4 ቀን 2018ን 2018-05-04 ብሎ ቢያስገባ ኮምፒውተሩ ሜይ 4 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. አድርጎ በደስታ ይቀበለዋል። ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፤ አንድም ማስጠንቀቂያ የለም።

የ2018ን ቀናት በሙሉ በዚህ መንገድ ብናስገባ ኮምፒውተሩ ስንቱን ይይዛል? አምስቱን የጳጉሜ ቀናት ይመልሳል፤ 13ኛ ወር አያውቅማ። ጥቅምት 29ንና 30ን ይመልሳል፤ ፌብሩወሪ በዚያ ዓመት 28 ቀን ብቻ ስለሆነች። የሚያዘው ይኸው ሰባት ቀን ነው። የቀሩት 358 ቀናት በሰላም ያልፋሉ፣ ሁሉም ስሕተት ሆነው። እነዚያን ሰባቱንም ቢሆን የማይመልስ አለ፤ አንዳንድ ፕሮግራም ፌብሩወሪ 30 ሲሉት ቀኑን ገፍቶ ማርች 2 ብሎ ይመዘግበዋል። ጳጉሜ የተወለደ ሰው ቅጹ እምቢ ሲለው መስከረም 1 ተብሎ የሚመዘገበውም ከዚሁ ጣጣ የተነሣ ነው። ቀኑን በቃል መዝግቦ ማስቀመጥም መፍትሔ አይደለም። ታህሳስና ታኅሣሥ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ወሮች ናቸው፤ በፊደል ተራ ሲደረደሩም ሐምሌ መስከረምን ትቀድማለች። በአጋጣሚ ቦታዋን ሳትለቅ መጨረሻ ላይ የምትገኘው ጳጉሜ ብቻ ናት።

«ስምንት መደመር ነው እንጂ ምን ያካብዳል» የሚሉ አሉ። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኖቬምበር 27 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.። ከ1941 ላይ ስምንት የሚቀንስ ፕሮግራም ጎንደርን ዓመት አስቀድሞ ነፃ ያወጣታል። ያለ ምልክት የተጻፈ ዓመትም እንዲሁ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በጤና ኮሌጅነት የተመሠረተበት 1954 በሁሉም ቦታ ይጠቀሳል፤ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ያልጨመረ ጽሑፍ ግን አማርኛ አንባቢ ፊት ተቋሙን በሰባት ዓመት ልጅ ያደርገዋል።

የጥምቀትን ነገር ደግሞ ጎንደር ላይ መተው አይቻልም። ለጎብኚ የሚዘጋጁ የቀን መቁጠሪያዎች ብዙ ጊዜ «ጃንዩወሪ 19» ብለው በድፍኑ ያስቀምጡታል። በአብዛኛው ትክክል ነው። ጳጉሜ ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን ጥር 11 በጃንዩወሪ 20 ይውላል፤ በ2012 እና በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር፣ በ2020 ዓ.ም. ይመለሳል። ቀኑን ቋሚ አድርጎ የጻፈ ፕሮግራም ያመነ እንግዳ ከተራ ዕለት ፋሲለደስ መዋኛ ሄዶ ጥምቀቱ የት አለ ሊል ነው። የዚህ ስሌት ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ዓመቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች። ባሕረ ሐሳብ የተማረ የጎንደር ደብተራ በጣቱ የሚቆጥረውን የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ ከኢንተርኔት ባገኘው ኮድ ተሳስቶ ሲያወጣው ማየት ያስተዛዝባል።

ሌሊቱም ሌላ ጣጣ ነው። ለኮምፒውተር ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ሰው ግን «ጥር 10 ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እንነሣለን» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስበው ጥር 10 ላይ አምሽቶ የሚመጣውን ሌሊት ነው፤ ለኮምፒውተሩ ይህ ጥር 11 ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስም፣ በአጥቢያ ከመናኸሪያ የሚነሣ ተሳፋሪም በዚህ ይሳሳታል። ሽማግሌዎቻችን «ለጥር 11 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ብለው ይገላገሉት ነበር። ፕሮግራሙም እንዲህ ብሎ ቢጽፍ ምን ይከፋል? ከሌሊቱ 6 እስከ 12 ሰዓት ለሚውል ጊዜ «አጥቢያ» የምትል ቃል መጨመር የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ከነገሬ ትንሽ ልውጣ። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚይዙት ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። ቁጥሩን በ32 ቢት (በ32 የዜሮና የአንድ አኃዞች) የሚይዙ አሮጌ ማሽኖች 2,147,483,647 ላይ ሲደርሱ ይሞላባቸዋል። ያ ሰከንድ የሚውለው ጃንዩወሪ 19 ቀን 2038 ነው፤ ማለትም ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። የጥምቀት ማለዳ! ጎንደር ውኃው ዙሪያ ቆማ ሳለች፣ ማንም ያላደሳቸው ማሽኖች ወደ 1894 ዓ.ም. ይመለሳሉ።

ወደ ነገራችን። «የፈረንጁን አቆጣጠር ተቀብለን ለምን አንገላገልም» የሚለው ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ይህ የፕሮግራም ሠሪ ጉዳይ አይደለም፤ ቅዳሜ ገበያ የምትሸጠው እናት በምን ትቁጠር ብሎ የሚወስን ኮድ የለም። በሌላ በኩል «መረጃ ቋታችንም ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያ ይሁን» የሚሉትን አልደግፍም። ውስጡ ዓለም በሚጠቀምበት አንድ ወጥ ቅርጽ ይቀመጥ፤ ስሌቱም፣ ማነጻጸሩም፣ ከሌላ ድርጅት ጋር መለዋወጡም በዚያ ይሁን። ሰው ዓይን ፊት ሲቀርብ ግን «ለማክሰኞ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ይበል። የፈረንጁ ካስፈለገ ከሥሩ በትንሹ «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ይከተል። ሰው ሲያስገባም ከ13ቱ ወሮች በስማቸው ይምረጥ እንጂ ቁጥር በሰረዝ አይጻፍ።

ፕሮግራም የምታሠሩ ክሊኒኮች፣ ትምህርት ቤቶችና ሆቴሎች ደግሞ ውሉ ላይ ጥቂት መፈተኛዎች አስገቡ። ጥቅምት 30ን አስገብታችሁ መልሳችሁ አውጡ። ጳጉሜ 5 የተወለደ ሰው መዝግቡ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቀጠሮ ያዙና የሚታተመውን ወረቀት እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው ስጡት፤ መቼ እንደሚመጣ ይንገራችሁ። በመጨረሻ ጳጉሜ 6 ቀን 2019ን ስጡት፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ካላለ ቀሪውን ክፍያ ያዙት።