ውዳሴ ኮል

ቋንቋችን ተበላሸ እያለ የሚያማርረው ሰው ከመብዛቱ የተነሳ፣ ባለ ሁለት ፊደሏ «ኮል» ለአማርኛ የዋለችውን ውለታ ቆጥሮ የሚያመሰግን አንድ ሰው ጠፋ። «ማታ ኮል አድርጊልኝ»፣ «ኮል አድርጌልህ አላነሳህም»፣ «ቆይ፣ ኮል ላይ ነኝ» የሚሉ ወገኖቻችን ይህችን የእንግሊዝኛ ግሥ አፋችን እስኪለምዳት ድረስ ሳይታክቱ ሲደጋግሙልን ኖረዋል። ለዚህ ድካማቸው ግልምጫ ማትረፋቸው ተገቢ ስላልመሰለኝ፣ የሁላችንንም የምስጋና ዕዳ በዚህ ጽሑፍ ልከፍል ተነስቻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚወደሰው የቁጠባ ጥበባቸው ነው። «ደወልኩ» ብለን በአራት ፊደል እንገላገለው የነበረውን ጉዳይ «ኮል አደረግኩ» በሚል ሰባት ፊደል አሳጥረውልናል። እንግዳዋ ቃል ብቻዋን መራመድ ስለማትችል «አደረገ» የተባለው ያገር ልጅ ክንዷን ይዞ ያዞራታል፤ ጊዜውን፣ መደቡን፣ ጾታውንና ቁጥሩን የሚሸከመው እሱ ሲሆን፣ እሷ ባዶ እጇን ከፊት ከፊት ትሄዳለች። በተለይ «ኮል አድርግልኝ» ውስጥ የተሸሸገችውን «ል» አስተውሉ። እንግሊዞች ስልክ ሲደውሉ በዚህ ግሥና በሚደወልለት ሰው መካከል ምንም መስተዋድድ አያስገቡም፤ «ል» የመጣችው ከእኛው «ደውልልኝ» ነው። ኮቱ የለንደን ቢመስልም ውስጡ ያለው ሰውዬ ያው የምናውቀው ነው።

ይህች «ል» ሌላም ጥፋት አለባት። በእንግሊዝኛ አንዱ «ታክሲ ጥራልኝ» ሲል ሌላው «እሺ፣ አንተ ታክሲ ነህ» ብሎ የሚመልስበት ዕድሜ ጠገብ ቀልድ አለ፤ «ታክሲ ጥራልኝ» እና «ታክሲ ብለህ ጥራኝ» በዚያ ቋንቋ በአንድ ዓይነት ቃላት ስለሚነገሩ ነው። አማርኛ ግን አንዲት ፊደል በመሐል ጣል አድርጎ ሁለቱን ስለሚለያቸው ቀልዱ ሳይወለድ ይጨነግፋል። እንዲህ ግልጽ ሆኖ ጨዋታ የሚያበላሽ ቋንቋ ታቅፈን እስከ ዛሬ መኖራችን ይገርማል።

የወገኖቻችን ትሕትና ደግሞ ሌላ ነው። «ኮል» በሀገሯ ባለጸጋ ናት። ስም የሚወጣው በእሷ ነው፤ ሰው ቤት ጎራ ተብሎ የሚጠየቀው በእሷ ነው፤ ወታደር ለክተት የሚጠራው፣ የተያዘ ቀጠሮ የሚሰረዘው፣ በካርታ ቁማር ባላንጣ ያስያዘውን ያህል የሚያዘው፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊ ቀድሞ የተጻፈውን የትእዛዝ ጥቅል ከሌላ ቦታ የሚያስነሳው፣ ሥራም «ለዛሬ ይብቃን» ተብሎ የሚቋጨው፣ አንዳንዴ ከኋላዋ ጭራ እየተቀጠለላት፣ አንዳንዴም ያለ ጭራ፣ በእሷው ነው። ከዚህ ሁሉ ሀብት ወገኖቻችን ያነሱት ስልክ መደወልን ብቻ፣ ማለትም እኛ ዘንድ ቃል ያልጠፋለትን ነው። ስስት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። እኛም ቤት «ጠራ» የምትባል፣ ጥሪን፣ ተጠሪን፣ ስመ ጥርንና ስም አስጠሪን ወልዳ ያሳደገች የብዙ ልጆች እናት አለች፤ ነገር ግን ልጆቿ ከውጭ ስላልመጡ ማን ዞር ብሎ ያያቸዋል?

«ኮል» ወደ እንግሊዝኛ የገባችው «ካላ» ከሚለው የጥንት ኖርዲክ (የጥንት ስካንዲኔቪያውያን ቋንቋ) ግሥ እንደሆነ የሥርወ ቃል አጥኚዎች ይናገራሉ፤ ትርጉሙም ድምፅን ከፍ አድርጎ መጣራት ነው። ስለዚህ በሰው መሐል ቆሞ የአጠገቡን ሰው ጆሮ እያደነቆረ ኮል የሚያደርገው ጎልማሳ ለሥርወ ቃሉ የታመነ ሊቅ እንጂ ባለጌ ተብሎ ሊታማ አይገባውም። በአንጻሩ የ«ደወለ»ን ኋላ ቀርነት ተመልከቱ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 በአሜሪካ የስልክን የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው፣ በስኮትላንድ የተወለደው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው፤ «ቤል» ደግሞ ደወል ማለት ነው። «ደወልኩልህ» ያለ ሁሉ፣ በአጋጣሚም ቢሆን፣ የሰውየውን ስም ያነሳል። ብሪታንያውያን እንኳ ስልክ ሲመቱ «ሪንግ» የምትል ግሥ ዛሬም ይጠቀማሉ፤ እሷም ያው መደወል ናት። ባለቤቶቹ ያልጣሉትን እኛ ጥለን ቀድመናቸዋል።

የቃሏ ትልቁ ጸጋ ግን ማዕረግ መስጠቷ ነው። «ስልክ እያወራሁ ነው» የሚል ሰው ወሬኛ ነው፤ «ኮል ላይ ነኝ» የሚል ሰው ግን ኃላፊነት አለበት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ አመልካች ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ «ኮል ላይ ነኝ» ሲለን ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ወንበር የምትጎትተው ልጅ እንኳ ወንበሩን አንስታ ተሸከመችው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ «እሺ እማዬ፣ ቻርጀሩን ይዤልሽ እመጣለሁ» የሚለው ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ። ማንም አልሳቀም። ቻርጀሩም ቢሆን ኮል ላይ የተነሳ ቻርጀር ነው።

(ፊደላችን የድንጋይ ከሰልንም በእንግሊዝኛ ስሙ ሲጽፈው ያው «ኮል» ስለሚያደርገው፣ «ኮል አድርጊልኝ» የሚል መልእክት የደረሳት ሴት ምድጃ ብታቀጣጥል አይፈረድባትም።)

ጭራ የተቀጠለላት «ኮል» ወደ እኛ ስትመጣ ምን እንደምትሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። አለቃችን አንድ ምሽት «የነገ ጠዋቱ ሚቲንግ ኮል ኦፍ ተደርጓል» ብለው ጻፉልን። «ተሰርዟል» ማለታቸው ነበር፤ ነገር ግን «ተሰርዟል» ማንም የሚረዳው ተራ ቃል ስለሆነ ለአለቃ አይመጥንም። ግማሾቻችን «ኮል» ስልክ፣ «ኦፍ» ደግሞ ማጥፋት መሆኑን ከልምድ ስለምናውቅ፣ ስብሰባው ምስጢራዊ ቢሆን ነው ብለን ስልካችንን ጥርቅም አድርገን ዘግተን በሰዓቱ ተገኘን። አሥራ አንድ ሰዎች፣ ማስታወሻ ደብተራችንን ገልጠን፣ ስልክ ያልዘጋውን አንዱን በዓይናችን እየገሠጽን፣ እሱም አፍሮ እስኪዘጋ ድረስ፣ ባዶውን የሰብሳቢ ወንበር አንድ ሰዓት ተኩል ስንጠብቅ ቆየን። አለቃችን ከሰዓት በኋላ ብቅ ብለው የሆነውን ሲሰሙ ከልባቸው ተቆጡ።

«አሥር ጊዜ ኮል አደረግሁላችሁ እኮ!» አሉን።