የሰብአዊ መብት ማስተርስ ልትማሩ ነው? መጀመሪያ ወደ ባንጁል ተመልከቱ

ሕግ፣ ፖለቲካል ሳይንስ ወይም ጋዜጠኝነት ተምረው የወጡ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ አለ። «ሰብአዊ መብት በማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፤ የት ላመልክት?» ይሉኛል። ብዙዎቹ መልሱን በልባቸው ይዘው ነው የሚመጡት፤ ለንደን፣ ጄኔቫ፣ ኦስሎ፣ ሉንድ ወይም ቬኒስ። አይፈረድባቸውም። ጥሩ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ስኮላርሺፕም ሊገኝ ይችላል። ከአገር ወጥቶ ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

የእኔ አቋም ግን ሌላ ነው። ተመልሶ አገሩ ላይ መሥራት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ፣ የመጀመሪያ ምርጫው የአፍሪካን የሰብአዊ መብት ሥርዓት ከሥር ከመሠረቱ የሚያስተምር ፕሮግራም ቢሆን ይሻለዋል። ይህን የምለው በአፍሪካዊነት ስሜት ብቻ አይደለም። ሕጉ ራሱ ነው ወደዚያ የሚመራን።

እስቲ ነገሩን እንየው። አንድ ሰው መብቱ ተጣሰ እንበል። ከወረዳ ፍርድ ቤት ጀምሮ እስከ ሰበር ሄደ። አልተሳካለትም። ከአገር ውጪ አቤት የሚልበት ቦታ አለ? አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚጠራው የተባበሩት መንግሥታትን ነው። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1993 ተቀብላለች። ግለሰቦች በዚህ ቃል ኪዳን መሠረት አቤቱታ እንዲያቀርቡ የሚፈቅደውን አማራጭ ፕሮቶኮል ግን አልተቀበለችም። በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን የሚከለክለውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1981 አጽድቃለች፤ የአቤቱታ ፕሮቶኮሉን ትታዋለች። በማሰቃየት ላይ በወጣው ስምምነትም፣ በአካል ጉዳተኞች ስምምነትም ነገሩ ያው ነው። ልዩ ራፖርተሮች የሚባሉት የተባበሩት መንግሥታት ገለልተኛ ባለሙያዎች ለመንግሥት ደብዳቤ ሊጽፉ ይችላሉ፤ ጥቅም አለው። ሁለቱን ወገን በክርክር ሰምቶ «ይህ አንቀጽ ተጥሷል፣ ካሳ ይከፈል» የሚል የግለሰብ አቤቱታ ሰሚ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ግን ጄኔቫ ውስጥ ለእኛ ክፍት አይደለም።

ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት አይመለከተንም። አሩሻ ያለው የአፍሪካ ፍርድ ቤትስ? ኢትዮጵያ የፍርድ ቤቱን ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1998 ፈርማለች፤ አላጸደቀችውም። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነች አገር የኅብረቱን ፍርድ ቤት ሳትቀበል ይህን ያህል ዓመት መቆየቷ በጣም ያሳዝነኛል።

የቀረን ባንጁል ነው። ጋምቢያ ዋና ከተማ ላይ የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አለ። ኢትዮጵያ ኮሚሽኑ የሚሠራበትን የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር እ.ኤ.አ. በ1998 ስለተቀበለች፣ ግለሰብም ድርጅትም በኢትዮጵያ ላይ እዚያ ማመልከት ይችላል። ለሕጻናት ደግሞ መቀመጫው ሌሶቶ፣ ማሴሩ የሆነ የአፍሪካ የባለሙያዎች ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው የሚሠራበት ቻርተር እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ስትራስቡርግ ፍርዶች ተምሮ፣ ስለ ባንጁል አንድ ሳምንት ብቻ ሰምቶ የሚመለስ ተማሪ ለአንድ አርሶ አደር ወይም ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ምን ያደርግላቸዋል?

ባንጁል ምን እንደሚሠራ ለማየት አንድ ጉዳይ በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አርሲ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በሌሊት ከቤቷ ተጠለፈች። ጠላፊው ብቻውን አልነበረም። ተደፈረች። ፖሊስ አስለቀቃት፣ ሰውየውም ታሰረ። ከዚያ በዋስ ወጣ። እንደወጣ ዳግመኛ ጠለፋት፣ ደበቃት፣ የጋብቻ ውል ነው ባለው ወረቀት ላይ በግድ አስፈረማት። ያኔ ይሠራበት የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት እንዲያመልጥ ዕድል ይሰጠው ነበር። ልጅቱ አምልጣ ወጣች። እ.ኤ.አ. በ2003 ፍርድ ቤት በጠላፊው 10 ዓመት፣ በግብረ አበሮቹ 8 ዓመት ፈረደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ለቀቃቸው። ጉዳዩ እስከ ሰበር ቢሄድም አልሆነም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ኢኳሊቲ ናው የተባለው ድርጅትና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ባንጁል አደረሱት። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ለልጅቱ ወሰነ። መንግሥት 150 ሺህ ዶላር ካሳ እንዲከፍላትም ጠየቀ።

ክፍል ውስጥ ይህ ጉዳይ ሲነሳ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው። የጠለፋት ግለሰብ ነው፤ መንግሥት በምን ዕዳው? መልሱ የሰብአዊ መብት ሕግ ልብ ውስጥ ነው ያለው። መንግሥት ራሱ አለማጥፋቱ አይበቃም። ከሌሎች መጠበቅ፣ በአግባቡ መመርመርና መቅጣት፣ የተጎዳችውን መካስም ግዴታው ነው። ያቺ ልጅ አንዴ ከተጠለፈች በኋላ አደጋው ይታወቅ ነበር። በዋስ የወጣው ሰው እንደገና እንዳይደርስባት ማን ምን አደረገ? አንድ ተማሪ ይህን በደንብ ከተረዳ፣ ቀበሌና ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የሚያየው ነገር ሁሉ ሌላ መልክ ይይዝበታል።

የባንጁልን ድካምም መደበቅ አልፈልግም። ውሳኔው ስምንት ዓመት ፈጅቷል። ስትጠለፍ ሕጻን የነበረችው ልጅ ውሳኔው ሲመጣ ሙሉ ሴት ሆናለች። ኮሚሽኑ የራሱ አስፈጻሚ የለውም፤ መንግሥታት እያዘገሙ ይኖራሉ። እንዲያም ሆኖ ያለን ይህ ነው። ያለንን ደግሞ ጠንቅቀን ልናውቀው ይገባል።

ይህን ከሥሩ ከሚያስተምሩት ቦታዎች ቀዳሚው ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሰብአዊ መብት ማዕከሉ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1986፣ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር በነበረችበት ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 «ሰብአዊ መብትና ዴሞክራሲ በአፍሪካ» የሚል የማስተርስ ፕሮግራም ጀመረ። በየዓመቱ ከመላው አፍሪካ 30 ገደማ ተማሪዎች ይቀበላል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር አብረው ፕሪቶሪያ ይማራሉ። ከዚያ ወደተለያዩ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተበትነው የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይሠራሉ። ከአጋሮቹ አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2006 የዩኔስኮን የሰብአዊ መብት ትምህርት ሽልማት አግኝቷል።

ከኡጋንዳ፣ ከካሜሩን፣ ከሱዳን፣ ከሞዛምቢክ ከመጡ ልጆች ጋር አንድ ክፍል መቀመጥ የራሱ ጥቅም አለው። የእኛን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስታስረዱ ጎረቤታችሁ «እኛም ጋ እኮ እንዲህ ነው» ይላል። የእርሱ አገር ጠበቆች ምን ብለው እንደተከራከሩ ትሰማላችሁ። እኔ ከመጽሐፍ ይልቅ እንዲህ ያለው ልውውጥ ለሥራ የሚጠቅም ይመስለኛል።

የባንጁሉ ኮሚሽን የሚሠራበትን የአፍሪካ ቻርተር አንቀጽ 56 ብቻ ውሰዱ። አቤቱታ ተቀባይነት እንዲያገኝ ሰባት ቅድመ ሁኔታዎች ያስቀምጣል። የታወቀው የአገር ውስጥ መፍትሔን አሟጦ መምጣት ነው። ሌሎቹ ግን ለእኛ አገር ተሟጋች ይበልጥ ያስፈልጋሉ። አቤቱታው በስድብ ወይም በማዋረድ ቋንቋ መጻፍ የለበትም። በሚዲያ በተሰራጨ ወሬ ላይ ብቻ መመሥረትም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከካሜሩን የቀረበ አንድ አቤቱታ መንግሥቱን በዘለፋ ቃላት ስለጠራ ውድቅ ተደርጓል። በደሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አጻጻፉ ግን መዝገቡን አስዘጋው። በስሜት የምንጽፈው ክስ ሁሉ ተበዳዩን ምን ያህል ሊጎዳው እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

አስቸጋሪው ትምህርት ግን የጠላትን መብት መቀበል ነው። የደርግ ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ1991 ታሰሩ። ክሱ ተጀምሮ ፍርድ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስለ እነርሱ ባንጁል የቀረበ አቤቱታ ነበር። ኮሚሽኑም በተገቢ ጊዜ ውስጥ የመዳኘት መብታቸው ተጥሷል ብሎ ወሰነ። በቀይ ሽብር ልጅ፣ ወንድም፣ አባት ያጣ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም። እኔም ውሳኔውን መጀመሪያ ሳነበው ከብዶኛል። ውሳኔው ግን ትክክል ነው። ለወደድነው ብቻ የሚሠራ መብት ነገ መንግሥት ሲቀየር ከእኛም ይወሰዳል። አገራችን ውስጥ ስልጣን በተቀያየረ ቁጥር እስር ቤት የሚገባው ሰው ተቀይሯል፤ አያያዙ ግን ብዙ አልተቀየረም። ይህን ያየ ሰው ነገሩን ይረዳዋል።

ፕሪቶሪያ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ መማርም ልዩ ስሜት አለው። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሷት። ክሱ አፓርታይድን ዛሬ ናሚቢያ ወደምትባለው ግዛት መውሰዷን የሚመለከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ። በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱ ውድቅ ሆነ። ተሸነፍን። ክርክሩ ግን ዛሬም በዓለም አቀፍ ሕግ ክፍሎች ይነበባል። ይህን ታሪክ ብዙ የኛ ተማሪ ሳያውቀው ይመረቃል።

ታዲያ አውሮፓ አትሂዱ እያልኩ ነው? በፍጹም። ቬኒስ ሊዶ ደሴት ላይ፣ በሳን ኒኮሎ ገዳም ውስጥ የሚሰጠው የአውሮፓ ማስተርስ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያለ ጠንካራ ፕሮግራም ነው። የፕሪቶሪያውም ከእርሱ ጋር በአንድ የዩኒቨርሲቲዎች መረብ ውስጥ ነው ያለው። በዚሁ መረብ ሳራዬቮ፣ ቤይሩት፣ ዬሬቫን፣ ባንኮክና ቦነስ አይረስም አሉ። ስደተኞች ላይ የሚሠራ ወይም አውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ እዚያው ቢማር ተገቢ ነው፤ ጉዳዩ እዚያ ነውና። ከአገር መውጣት ለማይችልም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የሰብአዊ መብቶች ማዕከል አለው። የአፍሪካ ኅብረት ደግሞ ታክሲ ተይዞ የሚደረስበት ቦታ ነው። ዋናው ቦታው አይደለም፤ የምትማሩት ነገር ለማን እንደሚጠቅም ማወቁ ነው።

«ተምሬ ሥራ አገኛለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሰብአዊ መብት የተማረ ሰው በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ በአፍሪካ ኅብረት፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በሲቪክ ድርጅቶች ወይም በጥብቅና ሊሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. የ2009 የበጎ አድራጎት አዋጅ ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ሲከለክል፣ ዘርፉ ተመትቶ ነበር። ያቺን ልጅ ባንጁል ያደረሰው የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እንኳ የባንክ ሒሳቡ ታግዶበታል። ብዙ የተማሩ ሰዎች ያኔ ወይ አገር ጥለው ሄዱ፣ ወይ ሥራ ቀየሩ። አዋጁ እ.ኤ.አ. በ2019 ተሽሯል። የጠፋው ልምድ ግን በአዋጅ አይመለስም። ለዚህ ነው አዲስ የሚማሩት ልጆች የሚያሳስቡኝ።

አሁን ወደ ማመልከቻው። ገንዘቡን አስቀድማችሁ አጣሩ። ያለ ስኮላርሺፕ ውጭ መማር ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። የትምህርት ክፍያ ቢሸፈንም ቪዛ፣ የጤና መድን፣ የቤት ኪራይ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ፕሪቶሪያ የተመረቁ ኢትዮጵያውያን የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች በዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔት ማኅደር ላይ በነጻ ይነበባሉ። ከማመልከታችሁ በፊት ሁለት ሦስቱን አንብቡ። ምን ዓይነት ሥራ እንደሚጠበቅባችሁ ትረዳላችሁ፤ የተሠራ ርዕስም አትደግሙም።

በማመልከቻ ደብዳቤያችሁ ላይ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ፍትሕ እንደምትወዱ አትጻፉ። ሁሉም ይህንኑ ይጽፋል። በምትኩ በቅርብ የምታውቁትን አንድ ጉዳይ አንሱ። ለምሳሌ ፍርድ ቤት በዋስ ይውጣ ብሎት ፖሊስ ያልለቀቀው እስረኛ። የትኛው አንቀጽ ተጣሰ? የአገር ውስጥ መፍትሔው የት ላይ ቆመ? ጠበቃ ቢኖረው ኖሮ ማን ዘንድ ሊያመለክት ይችል ነበር? በአንድ ገጽ መልሱት። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርዕስም ምናልባት እዚያው ውስጥ ይገኛል።