ጳጉሜንን እንኳን አልማሩልኝም

ከቀትር በኋላ ከትምህርት ቤታችን የሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ስወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁንም ስላልቆመ የፊደል ግድፈት ብታዩ ታገሡኝ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ልቀበል ሄጄ ከዕድሜዬ ላይ አምስት ወር ከአምስት ቀን ተቆርጦልኝ ተመለስኩ። ቢሮውን ታውቁታላችሁ፤ ያው «ነገ ተመለሱ» የሚባልበት ባለ ሰማያዊ መጋረጃው ክፍል ነው።

ያመለከትኩበት የሥራ መደብ 10 ዓመት ልምድ ይጠይቃል። የእኔ ውል የሚጀምረው መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው (በዕንቁጣጣሽ ዕለት ተቀጥሬ መሆኑ ነው)፤ እስካለፈው ኅዳር 30 ቀን 2018 ድረስ ሲሰላ 10 ዓመት ከ3 ወር ይሞላኛል። የሒሳብ መምህርት ስለሆንኩ ቢያንስ ይህን መደመር አያቅተኝም። የተሰጠኝ ደብዳቤ ግን «9 ዓመት ከ9 ወር ከ25 ቀን» ይላል። መጀመሪያ የሌላ ሰው ደብዳቤ መስሎኝ ስሜን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ደብዳቤውን የሰጠኝ የቢሮው ልጅ አዲስ ነው፤ ፊቱ ላይ ክፋት የሚባል ነገር የለበትም፣ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ፋይሌን አውጥቶ በጣቱ እየተከተለ፣ «ቲቸር፣ ከግንቦት 1 ቀን 2012 እስከ መስከረም 30 ቀን 2013 ያለ ደመወዝ ፈቃድ ላይ ነበሩ ይላል፤ እሱ ተቀንሶ ነው» አለኝ።

«ፈቃድ ላይ አልነበርኩም፤ ሳስተምር ነበር» አልኩት።

«የት?»

«ቤቴ።»

«እንግዲህ ቤትዎ ከነበሩማ ያው ፈቃድ ነው፤ አይደል እንዴ?»

አይደል እንዴ! በዚህች ምድር ላይ በዚያ ዓመት ቤቱ ያልነበረ ማን ነበር? መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፣ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ በሳምንቱ ቴሌግራም ቡድን ተከፈተና «መምህራን በየክፍላችሁ ትምህርቱን በድምፅና በፎቶ ላኩ» የሚል ትእዛዝ ወረደ። ሰሌዳ ከየት ላምጣ? የቁም ሣጥኔን በር በጠመኔ እየጻፍኩ አስተማርኩበት፤ ዛሬም ከፍታችሁ ብታዩ የክፍልፋይ መስመር ከእንጨቱ አልለቀቀም። ስልኬን በስኳር ጣሳ ላይ አስደግፌ «ልጆች፣ የጋራ አካፋይ ስንፈልግ…» ስል ቆራሌው በመስኮቴ ሥር «ቆራሌው!» እያለ ያልፋል፤ አቁሜ እንደገና እጀምራለሁ፣ የጎረቤቴ ዶሮ ይቀጥላል። የካርዱን ገንዘብ የከፈልኩት ከኪሴ ነው። አንዲት እናት (ስሟን አልጠራም፣ ታውቃታላችሁ) «ቲቸር፣ ቮይሱ ላይ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፣ ልጄ ሐሳቡ ተበታተነበት» ብላ ቡድኑ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ጻፈችብኝ። የሚያለቅሰው የስምንት ወር ልጄ ነበር። ፈቃድ ላይ መሆኔን አልነገርኩትም ነበርና ምን ያድርግ?

ይህን ሁሉ ለልጁ ባልዘረዝርለትም ስልኬን ከፍቼ ቡድኑን አሳየሁት፤ ግንቦት አለ፣ ሰኔ አለ፣ ድምፄ አለ፣ ያረምኩት ደብተር ፎቶ ከነቀይ እስክርቢቶው አለ። ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ጥሩ ነው ቲቸር፤ ግን ማኅተም የለውም» አለኝ።

ቴሌግራም ማኅተም የለውም! አጠገቡ የተቀመጠችው ገንዘብ ያዥ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ካልኩሌተሯ አቀረቀረች። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ነገር ግን ቀጥሎ የተናገረው ሳቄን አጠፋው፦ «በዚያን ጊዜ እኮ ሁላችንም አርፈን ነበር። እኔ ራሴ 11ኛ ነበርኩ፤ ሳንፈተን ነው ያለፍነው።»

እውነቱን ነው። ከ8ኛና ከ12ኛ በቀር ያለው ተማሪ ያለ ማጠቃለያ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲሸጋገር ተወስኗል። እንግዲህ ተማሪው አለፈ፣ የወደቀችው አስተማሪዋ ናት፤ ውጤቷም ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሳይፈተን ካለፈው ተማሪ እጅ ተሰጣት።

«የፈረሙት ደግሞ እርስዎ ነዎት» ብሎ ወረቀቱን አዞረልኝ። አዎ፣ ፊርማዬ ነው። ስለዚያች ፊርማ ግን አንድ ነገር ልናገር። በዚያን ወቅት በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አሠሪ ሠራተኛን እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። (አከራዬ አዋጁን በሚገባ አክብረው፣ የአዋጁ አምስት ወር እንዳለቀ በማግሥቱ በሬን አንኳኩ፤ ይህ የሌላ ቀን ብሶት ነው።) ማሰናበት ክልክል ሲሆን መላ ተገኘለታ። ሰኔ መግቢያ ላይ «ለአጭር ስብሰባ» ተብለን ተጠራን፤ ታክሲው በግማሽ ሰው እየጫነ በእጥፍ ዋጋ በሚሄድበት በዚያ ወቅት ለሁለት ታክሲ የደርሶ መልስ ከፍዬ፣ በር ላይ ከጀሪካን በተቀዳ ውሃ ታጥቤ፣ በአንድ ሜትር ርቀት ተሰልፌ የደረስኩበት ወረቀት «በራሴ ፈቃድ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቄ» ይል ነበር። ቀኑ ወደ ኋላ ተጎትቶ ግንቦት 1 ተጽፎበታል። የግንቦትን ግማሽ ደመወዝ ተቀብለናል እኮ ብንል፣ «እሱ ትምህርት ቤቱ ያደረገላችሁ ድጋፍ ነው» ተባልን። የሠራንበት ደመወዝ ምጽዋት ሆኖ አረፈው። የማይፈርም ካለ መስከረም ላይ ቦታው እንደማይጠብቀው በለሆሳስ ተነገረን፤ ማስክ በማድረጋችን የማን ፊት እንደተከፋ እንኳን አይታይም ነበር። ፈረምኩ። ልጅ ነበረኝ።

ቀጥሎም «ወላጆች ቅር እንዳይላቸው ትምህርቱን በፈቃደኝነት ቀጥሉ» ተባልን፤ ቀጠልን። ወላጆች ደግሞ ከወርሃዊው ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲከፍሉ ተወስኖ ስለነበር «ላልተማረ ልጅ ምን እንከፍላለን» ብለው ተቆጥተዋል፤ ቁጣው የሚያርፈው በእኔ የቴሌግራም ስም ላይ ነው። ወላጁ ገንዘቡን እኔ የበላሁት ይመስለዋል፣ ትምህርት ቤቱ ወላጁ አልከፈለም ይላል፣ እኔ ደግሞ መካከል ላይ ቆሜ የጋራ አካፋይ እፈልጋለሁ። ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ፣ ያንን ወቅት ያመጣው ነገር ምን ያህል መራራ እንደነበር ባውቅም፣ ለሳምንታት ስልኬ ዝም በማለቱ ብቻ ዕረፍት ያገኘሁት ያኔ ነው። መስመሩ ሲመለስ የመጀመሪያው መልእክት ከምክትል ርእሰ መምህሩ ነበር፦ «ያልተላኩ ትምህርቶች ይካካሱ።» ፈቃድ ላይ ያለ ሰው የሚያካክሰው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም።

ወንድሜ ላሊበላ አስጎብኚ ነበር፤ ቱሪስት ሲጠፋ ሥራው በአንድ ሳምንት ቆመ፣ ሽንኩርት እያመጣ መሸጥ ጀመረ። ያሳዝናል፤ ሆኖም እሱን «አስጎብኝተሃል፣ ግን አልሠራህም» ያለው የለም። የቀበሌ ሠራተኛ የሆነችው ጎረቤቴ ቤቷ ተቀምጣ ሙሉ ደመወዟን ስትቀበል ቆይታለች፤ ይድረሳት፣ አልቀናሁም (ትንሽ ቀንቻለሁ)። የእሷ ፋይል ላይ ግን ቤት መቀመጧ ሥራ ተብሎ ሲጻፍ፣ የእኔ ሥራ መሥራት ቤት መቀመጥ ተብሎ ተጻፈ።

አሁን ወደ ጳጉሜን ልመለስ፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሷ ናት። በዚህ አገር ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ አሥር ዓመት ሙሉ ጳጉሜን በመጣች ቁጥር ለጤፍ ተበድሬ ነው መስከረም የምደርሰው። የአገልግሎት ዘመኔ ሲቆጠርም የትኛዋም ጳጉሜን አልታሰበችልኝም። ከእኔ ላይ ሲቀነስ ግን የ2012 ጳጉሜን ከነአምስት ቀኗ ተነሥታ ቆመች! ለመክፈል የሌለች ወር ለመቀነስ ከየት መጣች? ይህንን ለልጁ ብነግረው ትንሽ አሰበና «ሲስተሙ ነው የሚያሰላው» አለኝ። ሲስተሙ የተባለው ባለ መስመር ደብተር ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ለ10 ዓመቱ የጎደለኝ ሁለት ወር ከአምስት ቀን ነው፤ የማመልከቻው ጊዜ ደግሞ አርብ ያበቃል። «ቅሬታ ካለዎት በሁለት ኮፒ ያስገቡ፣ ለማኔጅመንት ይቀርባል» ተብያለሁ፤ ኮፒ ማሽኑ ቀለም ጨርሷል። ባለፈው የመምህራን ቀን ላይ «በወረርሽኙ ወቅት ከቤታቸው ሆነው ትውልድ ያዳኑ ጀግኖቻችን» ተብሎ ንግግር ሲደረግልንና የቡና ስኒ ሲሰጠን አጨብጭቤ ነበር። ያን ንግግር የቀረጸው ሰው ካለ ይላክልኝ፤ ማኅተም ባይኖረውም አያይዘዋለሁ።

ይህን ስጽፍ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኗል። የ7ኛ ክፍል ወላጆች ቡድን ላይ አንድ አባት «ቲቸር፣ የነገው የቤት ሥራ ገጽ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቋል፤ ገጽ 43 ብዬ መለስኩለት። ቤቴ ነኝና ፈቃድ ላይ ነኝ።