እርማት፦ በክረምት የሚይዝ በር ሁሉ አይላግም

«በሩ ክረምት ላይ ከያዘ ጠርዙን መላግ ነው» ላልከው ወንድሜ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ይህን የማይመክር የለም፤ ግን ልክ አይደለም። እንጨት እርጥበት ሲስብ በወርዱ ያብጣል። በቁመቱ የሚጨምረው ኢምንት ነው። ሐምሌ ላይ የላግከው በር ጥር ላይ ሲደርቅ ይሸሽና ብርዱን ያስገባልሃል።

መጀመሪያ መቃኑን፣ ማለትም በሩ የሚገጠምበትን ፍሬም፣ እይ። የድሮ የጭቃ ቤት ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይገኝም። ብዙ አናጺ ግን መቃኑን ግድግዳውን ተከትሎ ይቸነክረዋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። መቃን የሚቆመው በቱምቢ (ቀጥታውን በሚያሳይ በክር የተንጠለጠለ ክብደት) ነው፤ ግድግዳው እንደፈለገ ይሁን! ከማጠፊያው ጎን ጀምር። በየማጠፊያው ትክክል ከመቃኑ ጀርባ፣ አንዱን ከቤቱ ውስጥ አንዱን ከውጭ፣ ጥንድ ሽብልቅ አስገባ። ቱምቢው ሲስማማ ብቻ ሚስማሩን ምታ። ከዚያ መቃኑን ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን አግድም በሰያፍ፣ በሁለቱም አቅጣጫ በሜትር ለካ። ሁለቱ ልኬቶች ካልተካከሉ መቃኑ ተንጋዷል። በሩ ሲዘጋ በጎንና በላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት ይኑረው።

መላግ የግድ ከሆነም ጥቂት ላግና የተላገውን ወዲያው ቫርኒሽ ቀባ። የላይና የታች ጠርዙንም አትርሳ። እርጥበት በብዛት የሚገባው በዚያ ነው፤ ማንም ስለማያየው ግን ብዙ ጊዜ ሳይቀባ ይቀራል።